ባንኮክ ለጥቂት ቀን፦ ዕቃ ልገዛ ነው የምሄደው፣ ግን ከተማዋን ሳላይ ልመለስ?

የሳቢያኗ

ሰላም የድሬ ልጆች። ሳቢያን ሰፈር ትንሽ የሴቶች ልብስ ቤት አለችኝ። እስካሁን ዕቃዬን የማመጣው ከዱባይ ነበር፣ እጅ ሲያጥረኝም ከመርካቶ። ዘንድሮ ግን ሁሉም ቡቲክ ያንኑ የዱባይ ቀሚስ ሰቅሎ፣ ደንበኛዬ ገና ከበር «ይሄንንማ ታይዋን ገበያ አይቼዋለሁ» ብላኝ ትወጣለች። ተናደድኩና ለታኅሣሥ የባንኮክ ቲኬት ቆረጥኩ። ቪዛውም ወጥቷል።

ሐሙስ ማታ ከአዲስ አበባ እነሳለሁ፣ ሰኞ ሌሊት እመለሳለሁ። ልጆቹን እናቴ ጋ ስለምተው ከዚያ በላይ መቆየት አልችልም። ማወቅ የምፈልገው በመንገድ መጨናነቅ ጊዜዬ እንዳይበላ የት ልረፍ የሚለውን ነው። ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ፤ እዛ ሰው ምን ይበላል? እናቴ «ቤተ መንግሥቱን ሳታዪ እንዳትመጪ» ብላኛለች፣ ቴሌቪዥን ላይ አይታው ነው። እኔ ግን ለማየት የሚተርፈኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የሄዳችሁ ሰዎች፣ ያቺን ግማሽ ቀን የት ታጠፏት ነበር?

አሸዋ ሜዳ

እህቴ፣ እኔ ስለ ዕቃው ብቻ ነው የምነግርሽ። ቤተ መንግሥቱን ከታክሲ መስኮት ነው ያየሁት።

ማረፊያሽ ፕራቱናም ይሁን። ሌላ ሰፈር ርካሽ ሆቴል አለ ቢሉሽ አትስሚ፣ ያተረፍሽውን ለታክሲ ትከፍይዋለሽ። ባዮክ የሚባል ከሩቅ የሚታይ ረጅም ፎቅ አለ፣ ከጠፋሽ እሱን እያየሽ ተመለሺ። በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ሁሉ ልብስ ናቸው። ፕላቲነም የሚባለው ሕንፃም እዛው ነው፤ ኤሲ አለው፣ ፎቅ በፎቅ ሱቅ ብቻ። ዋጋው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንድ ስታነሺ የችርቻሮ፣ ከአንድ ሱቅ ሦስት ስታነሺ የጅምላ። ብዙዎቹ ቀለምና ሞዴል አቀላቅለሽ ሦስት ብትሞዪ እሺ ይላሉ፣ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ክርክሩ የቀፊራ ገበያ ክርክር አይደለም። ካልኩሌተር ይሰጡሻል፣ ቁጥር ትጽፊያለሽ፣ ፈገግ ብለው ሌላ ቁጥር ይጽፋሉ። ሁለቴ ከተመላለሰ በኋላ ዋጋው ያ ነው። ድምፅሽን ከፍ ካደረግሽ ወይ ጥለሽ ለመሄድ ካስመሰልሽ ማንም ከኋላሽ ሮጦ አይጠራሽም። እኛ የለመድነው «ነይ እሺ ውሰጂው» እዛ የለም።

ውጭ መንገድ ላይ ያለው የጠዋት ገበያ ከሕንፃው ይረክሳል፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀምረው። በደርዘን የምትገዢ ከሆነ ቦቤ ገበያ ሂጂ። ለጆሮ ጌጥ፣ ለፀጉር ማስያዣ፣ ለአዝራርና ለዳንቴል ቻይና ሰፈር ውስጥ ሳምፔንግ የሚባል መተላለፊያ አለ፤ ጋሪ እየመጣ ስለሚገፋሽ ቦርሳሽን ከፊት ያዢ። ቻቱቻክ ቅዳሜና እሁድ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነው፣ ከ15,000 በላይ መደብ አለው ይላሉ፤ ለሱቅሽ ብዙ አይጠቅምሽም፣ ለቤትሽ ግን ታገኚያለሽ።

ዶላርሽ መቶ መቶ ይሁን፣ ያልታጠፈ፣ ያልተጻፈበት። ሀያውንና አሥሩን ዝቅ ባለ ዋጋ ነው የሚመነዝሩት። ኤርፖርት ላይ ከመንገደኛ መውጫው ፊት ለፊት ካሉት አትመንዝሪ። ምድር ቤት ባቡሩ አጠገብ ያሉት ይሻላሉ፣ ፕራቱናም ደግሞ ከነሱም ይሻላል።

በካርጎ የምትልኪ ከሆነ ሚዛኑ ላይ ቁሚ። ዝርዝሩን ራስሽ ጽፈሽ አስፈርሚ። አደራ።

የሸማንደፈር ልጅ

አቦ እህቴ፣ አሸዋ ሜዳ የነገረሽ ሁሉ ልክ ነው፣ እሱን አልነካም። እኔ ባንኮክ የሄድኩት ወንድሜን ላሳክም ነበር። ጠዋት ሐኪም ቤት እጠይቀውና የቀረውን ቀን ባቡርና ጀልባ ላይ አሳልፈው ነበር፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አባቴ ከዚራ አቴልየ (ባቡር መጠገኛው) ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ የሸማንደፈር፣ የድሮው የጅቡቲ ባቡር፣ ሠራተኛ ስለነበር ሐዲድ ሳይ እግሬ በራሱ ይሄዳል፣ እሱንም አስቢና አንብቢኝ።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ባንኮክን እንደ ድሬ ኑሪባት። ጠዋት ውጪ፣ ቀትር ግቢ፣ ማታ እንደገና ውጪ። የአዲስ አበባ ሰው እዛ ሄዶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዞር ይውልና በሁለተኛው ቀን እግሩ አብጦ ሆቴል ይተኛል። አንቺ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቅ ዘግቶ ጋደም ማለት የሚያውቅ አገር ልጅ ነሽ፣ ያንን ዕውቀት እዛ ተጠቀሚበት። በታኅሣሥ «ብርድ ገባ» ይላሉ፣ እውነትም ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ወር ነው። ቢሆንም ቀን ላይ ከሠላሳ ዲግሪ ያልፋል። ሙቀቱም የእኛ ዓይነት አይደለም። ድሬ ላይ ጥላ ካገኘሽ ዳንሽ፤ እዛ ጥላ ውስጥም ቆመሽ ላቡ ይወርዳል፣ አይደርቅም። ሚያዝያ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አትሂጂ እልሽ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ነው የምትደርሺው። ሱቫርናቡሚ ከሚባለው ኤርፖርት ታክሲ እንዳትይዢ፤ የዓርብ ከሰዓት መንገድ ቆሞ ነው የሚያድረው። ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ታችኛው ምድር ቤት ውረጂ፣ የኤርፖርቱ ባቡር እዛ አለ። እስከ መጨረሻው ጣቢያ እንኳ ብትሄጂ 45 ባት ነው፣ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። አንቺ ከመጨረሻው አንድ አስቀድመሽ ራቻፕራሮፕ ላይ ውረጂ፣ ፕራቱናም ከዛ በእግር ነው። ይሄ ባቡር ሐዲዱ ሰፊው ነው፣ አሁን ከከተማ ውጭ ያቆሙልን የጅቡቲው ባቡር የሚሄድበት፣ 1,435 ሚሊ ሜትር። እሱ አላስገረመኝም።

ያስገረመኝ የድሮው ባቡራቸው ነው። ልክ እንደኛው ሸማንደፈር አንድ ሜትር ሐዲድ ነው! የመጀመሪያ መስመራቸውን በፈረንጆች 1897 መረቁ፣ የእኛው ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። እነሱ ግን አልጣሉትም። በቀጭኑ ሐዲድ እስከ ዛሬ ሰሜን ደቡብ ሰው ይጭናሉ። ጥቁር የእንፋሎት ባቡሮችም አስቀምጠዋል፣ በዓመት የተወሰኑ በዓላት ላይ ዘይት ቀብተው፣ አጥበው፣ ሰው ጭነው ያወጧቸዋል። የእኛዎቹ ከዚራ ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ብናገር ከርዕሱ እወጣለሁ፣ ተዪው።

ሁዋ ላምፖንግ የሚባለውን ጣቢያ እዪው። 1916 ነው የተከፈተው፣ የእኛው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። ጣሪያው የብረት ቅስት ሆኖ ከጫፍ ጫፍ የተዘረጋ፣ ፊቱ ላይ ባለቀለም መስታወት ያለበት። የሩቅ አገር ባቡሮች ከ2023 ጥር ወዲህ ወደ አዲሱ ትልቅ ጣቢያ ተዛውረዋል፣ የቀሩት ጥቂት የቅርብ ባቡሮች ናቸው። ስለዚህ አዳራሹ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እግርሽን ታሳርፊያለሽ፣ ማንም ምን ፈልገሽ ነው አይልሽም። ሳምፔንግ ከሄድሽ መንገድሽ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጀልባው። ፕራቱናም ካረፍሽ በሩ ላይ የሳን ሳብ ቦይ አለ፣ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ አልዋሽሽም። ግን ላይ ያለው መንገድ በመኪና ታፍኖ ሳለ ጀልባው ከሥር ሽው ብሎ ያልፋል። ለቱሪስት የተሠራ አይደለም፣ ቢሮ ገቢው፣ ተማሪው፣ አትክልት የያዘችው ሴት ናቸው የሚሳፈሩት። ሂሳብ ተቀባዩ ወደ ውስጥ አይገባም። ሄልሜት አድርጎ በጀልባው ውጫዊ ጠርዝ ላይ፣ እግሩን ከአንድ እጅ በማይሰፋ እንጨት ላይ አድርጎ፣ በገመድ እየተንጠለጠለ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይሄዳል፤ ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ላይ ነው ያለው። ከአሥር እስከ ሀያ ባት ገደማ ይቀበልሻል፣ ትኬቷን ቀዶ ይሰጥሻል፣ ያልፋል። ጎን ላይ የተቀመጡት ደግሞ ሥራ አለባቸው፦ ሌላ ጀልባ ሲመጣ የፕላስቲክ መጋረጃውን በገመድ ስበው ወደ ላይ ያነሱታል፣ ካለፈ በኋላ ይለቁታል። ማንም አያዛቸውም። የማያውቅ ሰው ጎን ላይ ከተቀመጠና ገመዱን ሳይስብ ከቀረ ኋላ ያሉት ሁሉ ይታጠባሉ፣ እና ዘወር ብለው ያዩታል። ዝቅተኛ ድልድይ ሥር ሲገባ ጣሪያው ራሱ ዝቅ ይላል፣ ጎንበስ ትያለሽ። የደቻቱን ወንዝ ደርቆ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች በውሃ ላይ ወደ ሥራ የሚሄድ ሕዝብ ማየት ራሱ ጉብኝት ነው። ቦቤም የራሷ ማቆሚያ አላት፣ አሸዋ ሜዳ ያለሽ ቦታ በዚችው ጀልባ ትደርሻለሽ።

ግማሽ ቀኗን ካልሽኝ ግን ማክሎንግ ሂጂባት። ከባንኮክ ወጣ ያለች፣ በሚኒባስ የሚኬድባት ትንሽ ከተማ ናት። ገበያው ሐዲዱ ላይ ነው። «አጠገብ» አላልኩሽም፣ ላዩ ላይ። ሸማች በሐዲዱ መሐል ይሄዳል፣ ጥላው ከግራና ከቀኝ ተዘርግቶ ላይ ይገናኛል። ባቡሩ በቀን የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ሰዓቱን አስቀድመሽ አጣሪ። ጡሩምባው ሲሰማ ሻጮቹ ሳይቸኩሉ ጥላውን ወደኋላ ያጥፋሉ፣ ከፍ ያለውን መደብ በትንንሽ ጎማ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ዝቅ ያለውን ግን አያነሱትም! ጎመኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዓሣው በሰፌድ እንዳለ ይቀራል፣ ባቡሩ ሆዱን በላያቸው አድርጎ ያልፋል። እኔ አንዲት ቃሪያ የምትሸጥ ሴትዮ አጠገብ ቆሜ ነበር። ባቡሩ ከፊቷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እየሄደ ስልኳን ታያለች። የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ ጥላው ከወዲያ ጫፍ መዘርጋት ጀመረ። አባቴ ቢኖር ይሄን አይቶ ለድሬዎቹ ለማስረዳት አንድ ዓመት ይበቃው ነበር።

ቤተ መንግሥቱን ተዪው። ሰልፍ፣ ፀሐይ፣ ሰው በሰው። ለእናትሽ ፖስት ካርድ ግዢላት።

ገንደ ቆሬ

ሸማንደፈር፣ ሐዲድ ስለምትወድ ሰዉን ሁሉ ሐዲድ ላይ አታውለው እንጂ አቦ! ሰው ባንኮክ ድረስ ሄዶ ቤተ መንግሥቱን ሳያይ ጎመን ላይ የሚሄድ ባቡር አይቶ ይመለስ?

እህቴ፣ እናትሽን ስሚ። ቤተ መንግሥቱ የተጀመረው በፈረንጆች 1782 ነው፣ ንጉሣቸው የመጀመሪያው ራማ ዋና ከተማውን ከወንዙ ማዶ ወደዚህ ሲያሻግር። ወርቅ የተለበጠ ጉልላት፣ በትንንሽ መስታወትና በሸክላ ስባሪ የተሸለመ ግድግዳ፣ አጥሩን ተከትሎ የሚዞር በሥዕል የተሞላ ረጅም መተላለፊያ። ልብስ የምትነግጂ ሰው ስለሆንሽ የቀለሙ አገጣጠም ብቻ ለሱቅሽ ሐሳብ ይሰጥሻል። ችግሩ ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት ሁለት ተኩል ሲከፈት በር ላይ ሁኚ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ከሄድሽ ሸማንደፈር ያለው ይደርስብሻል። መግቢያው 500 ባት ነው። ትከሻና እግር መሸፈን አለበት፤ ቁምጣና እጅጌ የሌለው አያስገቡም። ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ግን ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ብቻ ካዩ አይቀበሉም፣ ከሥር እጅጌ ያለው ልበሺ።

አንድ ነገር ልብ በዪ። በር አካባቢ ጥሩ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ በፈገግታ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው» ካለሽ ዝም ብለሽ እለፊው። ወዲያው በርካሽ ባጃጅ፣ ማለቴ ቱክቱክ፣ ሌላ መቅደስ ላሳይሽ ይልሻል፤ መጨረሻው የከበረ ድንጋይ መሸጫ ነው፣ ለሾፌሩ ኮሚሽን አለው። ይሄ ድሮ የታወቀ ማታለያ ነው፣ ዛሬም ሰው ይበላበታል።

ከዛ በእግር ዋት ፖ የሚባለው መቅደስ ነው፤ የተጋደመው ቡድሃ ያለበት፣ ርዝመቱ 46 ሜትር። እግሩ መርገጫ ላይ በሚያብረቀርቅ የሉል ዛጎል የተሠራውን ሥዕል ሳታዪ አትውጪ። ከፊት ለፊቱ ካለው ወደብ በጥቂት ባት ማሻገሪያ ጀልባ ወደ ዋት አሩን መቅደስ ትሻገሪያለሽ። ይኸው ለሸማንደፈርም ጀልባ አለበት።

የሸማንደፈር ልጅ

አቦ ገንደ ቆሬ፣ እሺ፣ ጠዋት ሁለት ተኩል በር ላይ ከደረሰች ልክ ነህ። ግን ዕቃ ገዢ ናት፤ ጠዋቱን ለቤተ መንግሥት ከሰጠች የፕራቱናምን የጠዋት ገበያ አጣች። ርካሹ ሰዓት እሱ ነው። የማስበው ለኪሷ ነው።

ደግሞ ቱክቱኩን በተመለከተ፦ ሳትሳፈሪ ዋጋ ተነጋገሪ። ታክሲ ከያዝሽ ቆጣሪውን አብራ በይው፣ በ35 ባት ነው የሚጀምረው፤ እምቢ ካለ ውረጂና ሌላ ያዢ። ወይ በስልክ ጥሪ።

ኡሙ ሰልማ

እህቴ አብሽሪ፣ ምግብ አይቸግርሽም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ከአንዲት ጾመኛ ጓደኛዬ ጋር ስለሄድኩ የሁለታችንንም ሆድ አውቃለሁ።

ለጾም የሚያስቸግረው ሥጋው አይደለም፣ እሱ ይታያል። የማይታየው የዓሣ ውሃቸውና የሽሪምፕ ድልሃቸው ነው፤ አትክልት ብለሽ ያዘዝሽው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የፓፓያው ሰላጣም እንደዚያው፣ ደረቅ ሽሪምፕ ይወቀጥበታል። (በነቢያት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እሱን ከቄስሽ ጋር።) መፍትሔው ቢጫ ባንዲራ ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈች አንድ አጭር ፊደል የተሰቀለበት ምግብ ቤት ካየሽ ግቢ፦ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ የሚባል የለም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይነኩም፣ ከእኛ ጾም ይጠብቃል። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ሳህን ቀምሳ «ቁሌት የለውማ» ብላ ቅር አላት፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ለመደችው። በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ከማንጎ ጋር፣ መንገድ ላይ የሚጠበስ ሙዝ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ እነዚህን ያለ ሐሳብ ብዪ።

ለሙስሊሞች ደግሞ ሱኩምቪት ሶይ 3 አለ፣ ናና የሚሉት አካባቢ። ማስታወቂያው ሁሉ ዐረብኛ ነው፣ ሽሮ የለም እንጂ መንዲ (ሩዝ በሥጋ) ሞልቷል። በሳን ሳብ ጀልባም ይደረሳል። ሌላ ማንም የማይነግርሽ ቦታ ልንገርሽ፦ ባን ክሩዋ። ፕራቱናም አጠገብ በዚያው ቦይ ዳር ያለ፣ ቻም የሚባሉ ሙስሊሞች ሰፈር ነው። ሐር ሸማኔዎች ናቸው፤ ጂም ቶምሰን የሚባለው አሜሪካዊ የታይን ሐር ለዓለም ሲሸጥ የሚሸምኑለት እነሱ ነበሩ። ሰውዬው በፈረንጆች 1967 ማሌዥያ ውስጥ ለሽርሽር ወጥቶ ጠፋ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቤቱ ከቦዩ ማዶ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። እኔ ሙዚየሙን አልወደድኩትም፣ ሰፈሩን ግን ወደድኩ። ሰው አንድ በአንድ የሚያልፍበት መተላለፊያ፣ በር ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከመስጊዱ አዛን፣ ከአንድ ቤት ውስጥ የሽመና ዕቃ ድምፅ። አሁን የሚሸምኑት ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው። ገብቼ ሰላምታ ስሰጥ አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ ክሩን አስነካችኝ። ሻርፕ ገዛሁ፣ ከሱቅ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ደግሞ ስለ ልኬት! ማንም አላነሳልሽም፣ ወንዶች ስለሆኑ ነው። ፕላቲነም ውስጥ «ፍሪ ሳይዝ» የሚሉት ለነሱ ሴቶች ነው የተሰፋው፤ ለድሬ ሴት ደረት ላይ አይዘጋም፣ ዳሌ ላይ አያልፍም። ሜትር በቦርሳሽ ያዢ። የመሞከሪያ ክፍል የሌለው ሱቅ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ደረቱን፣ ወገቡንና ዳሌውን ለኪና ከደንበኞችሽ ልኬት ጋር አስተያዪ። ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ቱኒክ፣ ላስቲክ ያለው ሱሪ ላይ አተኩሪ። ጨርቁን በእጅሽ ጨብጠሽ ልቀቂው፣ ከተጨማደደ ድሬ ላይ አይሸጥልሽም። ሽቲ ቀሚስ ፍለጋም ጊዜሽን አታጥፊ፣ እሱ እዚሁ መጋላ ገበያ አለልሽ።

ነርሷ

የሚቀጥለውን ሳታሟዪ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ግዴታ ነው፣ ክትባቱም ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ዱሮ የወሰድሽ ከሆነ አይታደስም፣ ለዕድሜ ልክ ነው፤ ካርዷን ብቻ ፈልጊ። እዛ ስትደርሺ ሰው ሁሉ ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ይሮጣል። አንቺ አትሰለፊ፦ መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር የሚል ጠረጴዛ ፈልገሽ ካርድሽን አሳይተሽ ማህተም አስመቺ። ያለዚያ አንድ ሰዓት ተሰልፈሽ ይመልሱሻል፣ በየበረራው የሚመለስ ሀበሻ አይጠፋም።

በእኛ አቆጣጠር ከ2017 ሚያዝያ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የመግቢያ ፎርሙ በኢንተርኔት ሆኗል። ከመድረስሽ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ትሞዪዋለሽ፣ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅሽ ድረ ገጽ የነሱ አይደለም።

እና ይሄን የድሬ ልጅ ስለሆንሽ ነው የምለው፣ አንቺ ባትቅሚም፦ ጫት። ውስጡ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከሉት ዕፆች ጋር የተመዘገበ ነው፣ እዛ አገር በዕፅ ቀልድ የለም። የተዋስሽው ሻንጣ ከሆነ ኪሱን ሁሉ ገልብጠሽ አራግፊው፣ የደረቀ ገራባ እንኳ እንዳይቀር። ከአዲስ አበባ ኤርፖርት «ይቺን ለወንድሜ አድርሺልኝ» የሚልሽንም ሰው ዓይኑን አትዪው። ቬፕ የሚያጨስ ሰው ካለ ንገሪው፣ እሱም እዛ ክልክል ነው።

የሳቢያኗ

ኧረ አላህም ማርያምም ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። ሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፣ የቢጫ ወባ ካርዴን ከዱባይ ፋይሌ ውስጥ አገኘሁት።

እንዲህ አሰብኩ፦ ዓርብ እንደደረስኩ ባቡሩን ይዤ ፕራቱናም አርፋለሁ፣ ማታ በእግሬ እዞራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው፣ ቀትር እንቅልፍ፣ ማታ ፕላቲነም። እሁድ ጠዋት ማክሎንግ። ሰኞ ቦቤ በጀልባ፣ ከዛ ካርጎ። ባን ክሩዋን ከጀልባው ስወርድ አያታለሁ። ቤተ መንግሥቱ ቀረ፣ ይቅርታ ገንደ ቆሬ፣ ለእናቴ ግን አንተ ንገርልኝ።

አሸዋ ሜዳ፣ አንድ ጥያቄ፦ ደረሰኝ ላይ የሚጽፉት ቀን ግራ ያጋባል ብላኛለች ጓደኛዬ። ለጉምሩክ ችግር አይሆንም? ቫት ይመልሳሉ የሚሉትስ?

አሸዋ ሜዳ

የነሱ ዓመተ ምሕረት ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። በፈረንጆች 2025 የሆነው ለነሱ 2568 ነው፣ እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን ገና 2018 ላይ ነበርን። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ደረሰኝ ሲሰጡኝ «ይሄ ቁጥር የዕቃው ዋጋ ነው?» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ካርጎ ቤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ኢንቮይስ ያዘጋጅልሽ፣ ለጉምሩክ የምታሳዪው እሱን ነው።

ቫቱ 7 በመቶ ነው፣ የሚመለሰው ግን ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ከ2,000 ባት ጀምሮ ስትገዢና ሱቁ የቱሪስት ቫት ተመላሽ ፎርም ሲኖረው ነው። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ጠይቂ። የጠዋት ገበያ መደቦች አይሰጡም። ኤርፖርት ላይ ሻንጣሽን ከማስረከብሽ በፊት ዕቃውን ለጉምሩካቸው አሳይተሽ ፎርሙን ታስመቻለሽ፤ ሻንጣው ከሄደ በኋላ አይሆንም። በካርጎ የላክሽውንም አይቆጥሩልሽም።

የሸማንደፈር ልጅ

ማክሎንግ ስላልሽ ደስ ብሎኛል። እሁድ ሰው ይበዛል፣ ከባቡሩ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺና ቦታ ያዢ፤ ሻጮቹ ቁሚ ያሉሽ ቦታ ላይ ቁሚ፣ ከመስመሩ አንድ ጣት አትውጪ። ቦርሳሽን ከሆድሽ ጋር አጣብቂው።

አንድ ልላክሽ። ሐዲዱ ጎኑ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለው፣ የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት። የእኛዎቹ ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም ነው ያለው፣ ልጅ ሆኜ በጠመኔ እየቀባሁ አነበው ነበር። ገበያው ውስጥ ጎመን ስለሚሸፍነው እኔ ማየት አልቻልኩም። ጣቢያው ጋ ወጣ ካልሽ ክፍት ነው። ጎንበስ ብለሽ ፎቶ አንሺልኝና እዚህ ለጥፊው።

ገንደ ቆሬ

ይኸው፣ ዕቃ ልትገዛ የሄደችውን ሴት ሐዲድ አስነበባት።